የዋሻዋ ጌኮ ጀሞ አትኖርም

«መሠረት ሲቆፈር የወጣ መርዘኛ የዋሻ እንሽላሊት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ደርሷል። አንዱ ጀሞ ነው ይላል፣ ሌላው ለቡ። ጥቁር ቆዳዋ ላይ ቢጫ ቀለበት ያላት ይህች ፍጥረት የዋሻ ጌኮ የምትባል እንሽላሊት ናት። መርዝ የላትም፤ ከታወቁት ከ1,500 በላይ የጌኮ ዝርያዎች ውስጥም መርዘኛ የለም። ይህን ሳያጣሩ ሕፃናትን ማስፈራራት ያሳዝናል።

ጎኒዩሮሳውረስ የተባለው ይህ ወገን የሚኖረው በደቡብ ቻይና፣ በሰሜን ቬትናምና በጃፓን ሪዩኪዩ ደሴቶች ነው። ብዙዎቹ የኖራ ድንጋይ ዋሻን ለምን ይመርጣሉ? መልሱ ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው። የዝናብ ውሃ የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ እያሟሟ ስንጥቅና ዋሻ ያበጃል። ድንጋይ ሙቀትን የሚያሳልፈው በዝግታ ስለሆነ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት አንድ ሜትር ያህል ሳይገባ ይደክማል፤ ከአሥር ሜትር በላይ ሲጠልቅ ደግሞ የበጋና የክረምቱም ልዩነት ሊጠፋ ይቃረባል። በዚህም የጥልቅ ዋሻ ሙቀት ከአካባቢው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን 16 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር። አየሩም እርጥበት የጠገበ ነው። ትንሽ ገላ ቶሎ ውሃ ያጣል፤ ስለዚህ ጌኮዋ ፀሐይ ስትበረታ ስንጥቅ ውስጥ ትከተታለች፣ ሲመሽ ወደ ዋሻው አፍ ወጥታ ነፍሳት ታድናለች። ዋሻው ለእሷ ውሃ እንደያዘ እንስራ ነው።

ዐይኗ ግን ደህና ያያል። በጎረቤት ሶማሊያ ከመሬት በታች ባለ ውሃ የሚኖር አንድ ዓሣ ዐይኑን ጨርሶ አጥቷል፤ ጌኮዋ ያን ያህል የጨለማ ፍጡር አይደለችም። ከወገኖቿም ከኖራ ድንጋይ ውጭ፣ በጫካ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አሉ። በሁለት የተራራቁ ኮረብቶች የተገኙ ጌኮዎች አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውም ገና ያከራክራል፤ ቅርፊት ቆጣሪውና ዘረመል መርማሪው ሁልጊዜ አይስማሙም። ዝርያዎቹ ስንት ናቸው ቢባል ቁጥሩ የሚለዋወጠው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አያከራክርም። አንደኛዋ ዝርያ በ1999 እ.ኤ.አ. ስትገለጽ የመኖሪያ ቦታዋ ታትሞ ወጣ። የዱር እንስሳት ነጋዴዎች ጎርፈው በዚያ ቦታ የነበረችውን አጠፏት። በ2015 ሁለት አዳዲስ ዝርያዎችን የገለጹ ተመራማሪዎች ትክክለኛውን ቦታ ሳይጽፉ ያስቀሩት ለዚህ ነው። በ2019 ደግሞ የቻይናና የቬትናም ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገቡ።

የእኛስ? ጀሞም ለቡም የቆሙት በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ ዋሻ የሚፈልግ ባሌ ይውረድ፤ የወይብ ወንዝ የፈለፈለው ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የዋሻዋ ጌኮ ዘመድ ግን አገራችን አላት። ሆሎዳክቲለስ አፍሪካነስ ትባላለች፤ በደረቁ ቆላ ጉድጓድ ውስጥ ትውላለች። እንደ ዋሻዋ ጌኮ የሚገለጥና የሚከደን የዐይን ቆብ አላት፤ አብዛኞቹ ጌኮዎች ይህ ስለሌላቸው ዐይናቸውን የሚያጸዱት በምላሳቸው ነው። ጣቶቿም ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ንጣፍ የላቸውም፤ ጥፍር ብቻ ነው ያላቸው።

እንግዲህ ፎቶው ሲደርሳችሁ አታስተላልፉት። ግቢያችሁ ውስጥ እንሽላሊት ካያችሁም አትግደሉ፤ የምትበላው ነፍሳትን ነው።