የመጸው እሸት፤ መብሉ፣ ሥርዐቱና የቤተ ሰብ ጕዞው

በኢትዮጵያ የወቅት አቈጣጠር መጸው የሚባለው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። ዝናሙ ቆሞ፣ ጭቃው ጠጥሮ፣ የወንዙ ሙላት ጐድሎ መንገድ የሚከፈትበት ወራት ስለ ሆነ፣ ክረምቱን በየቤቱ ተከትቶ የሰነበተው ቤተ ሰብ ዘመድ ለመጠየቅ ይወጣል። ከዚህ ጕዞ የማይለይ አንድ መብል አለ፤ ይኸውም እሸት ነው።

እሸት የአንድ እህል ስም ሳይሆን የእህል ዕድሜ ስም ነው። አሸተ ከሚለው ግስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ፍሬው ከሞላ በኋላ ነገር ግን ሳይደርቅ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። ይህ ዕድሜ በአንድ ማሳ ላይ ብዙ አይቈይም። ሆኖም እህሉ በየተራው ስለሚያሽት፣ የእሸቱ ወራት ከመስከረም አልፎ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በደጋው አገር በመስከረምና በጥቅምት የባቄላና የገብስ እሸት ይደርሳል፤ በወይና ደጋው በቆሎው ይቀድማል፤ በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ይከተላል። ሽምብራ ግን ዝናሙ ሊያበቃ ሲል በዋልካ መሬት ላይ ተዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት የሚያድግ በመሆኑ፣ እሸቱ የሚበላው ከሁሉ በኋላ ነው።

አዘገጃጀቱ ሞያ የሚጠይቅ አይደለም። የባቄላውና የሽምብራው እሸት ከነጥሬው እየተፈለፈለ ይበላል፤ ወይም ይቀቀላል። በቆሎው በፍም ላይ ይጠበሳል፤ አለዚያም ከነልባሱ ይቀቀላል። የገብሱና የስንዴው ዛላ በእሳት ለብለብ ከተደረገ በኋላ በመዳፍ ይታሻል፤ እብቁም በትንፋሽ እፍ ተብሎ ፍሬው ይቃማል። ልጆች ደግሞ ከማሽላው መካከል አገዳው ጣፋጭ የሆነውን ጥንቅሽ እየመረጡ ያኝካሉ። ለዚህ ሁሉ ድስትና እሳት ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን እጅ ብቻ ይበቃል። መብሉ ከማሳው ዳር የሚበላ የመሆኑም ምክንያት ይኸው ነው። በተጨማሪም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ዘመነ ጽጌ በመሆኑ፣ በፈቃዳቸው የጽጌን ጾም ለሚጾሙ ምእመናን እሸት የተስማማ ምግብ ነው።

እሸት ቀላል መብል ቢሆንም ያለ ሥርዐት አይበላም። በብዙ ገጠር መንገደኛ ከሰው ማሳ ጥቂት ቀጥፎ እየበላ ቢያልፍ እንደ ሌባ አይቈጠርም፤ በአቁማዳ ሞልቶ ወይም በማጭድ አጭዶ ቢሄድ ግን ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ይሆንበታል። ይህ ልዩነት በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ከተጻፈው ሕግ ጋር የሚገጥም ነው፤ በዚያም ወደ ባልንጀራው እርሻ የገባ ሰው በእጁ ቀጥፎ እንዲበላ ተፈቅዶለት ማጭድ እንዳያገባ ተከልክሏል። የልማዱ ምንጭ መጽሐፉ ይሁን ወይም መጽሐፉ ቀድሞ የነበረውን ልማድ ያጽናው፣ መለኪያው አንድ ነው፤ እጅ የረኀብ መሣሪያ ነው፣ ማጭድ ግን የባለቤትነት። «እሸትና ቆንጆ አይታለፍም» የሚለውም ተረት የአላፊውን ፈቃድ የሚያውቅ ንግግር ነው።

ይህ ሥርዐት ለምን እንደ ተፈለገ ለመረዳት የክረምቱን ጎተራ ማሰብ ያስፈልጋል። ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቀው፣ አዲሱ ሳይደርስ፣ ሥራውም ሳይቃለል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እሸት ለባለጸጋው ቤት ጣፋጭ፣ ለድኻው ቤት ግን ከረኀብ መውጫ ነው። ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ሳይጠና የተበላ ዛላ አውድማ አይደርስም። በችግር ዘመን ማሳውን በእሸቱ የሚጨርስ ገበሬ ነገን ለዛሬ እየሸጠ ነው።

የወሎ ገበሬዎች ለእሸት ብለው ያቈዩት ማሽላ በዚህ ረገድ ልዩ ምስክር ነው። «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» የሚባሉት ዐይነቶች ፍሬያቸው ሲደርቅ ስለሚጨማደድና ክብደቱ ስለሚያንስ፣ ለጎተራ አይመረጡም። ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራቸዋል፤ ሳይደርቁም ጠብሶ ይበላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ሲንግና አክስቴል የተባሉት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተገኙ ሁለት የማሽላ ዐይነቶችን መርምረው ባወጡት ጥናት፣ በተራው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ገደማ የሆነው ላይሲን በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ መሆኑን አስታወቁ። ላይሲን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ በማሽላም ውስጥ የሚያንስ የፕሮቲን ክፍል ነው። ገበሬው በጣዕም መርጦ ያቈየውን ሳይንስ በሚዛን አገኘው። በዚያው ዓመት ወሎ በብርቱ ረኀብ ተመትታ ነበር፤ ዝናም በቀረበት ማሳ ላይ የሚያሽት ነገር ስላልነበረ፣ የዘሩ ብልጫ ብቻውን ሕዝቡን ሊያድን አልቻለም።

ዛሬ የከተማ ሰው እሸትን የሚያገኘው በአብዛኛው በገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ከነሐረጉ እየታሰረ ይሸጣል፤ ቤተ ሰቡም መኪናውን አቁሞ ገዝቶ እየፈለፈለ ይሄዳል። ገጠር ዘመድ ያለው ግን አሁንም ልጆቹን ይዞ ይወርዳል፤ በዚያም ልጁ ከየትኛው ማሳ እንደሚቀጥፍ፣ ምን ያህልም እንደሚበቃው ከአያቱ ይማራል። እርሻው እየራቀ ሲሄድ የሚቀረው ጣዕሙ ሲሆን፣ የሚጠፋው ይህ ትምህርት ነው። ስለዚህ የእሸትን ነገር የሚመዘግብ አጥኚ የአጠባበሱን ስልት ብቻ ሳይሆን፣ ማሳው የማን እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ቀጠፈና የት ተቀምጦ እንደ በላ ጭምር ሊጽፍ ይገባዋል።