ወገቤ፣ ኪኒኔና የቢሮዬ መሳቢያ

በቢሮዬ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ ለደንበኛ የሚሰጡ እስክሪብቶዎች፣ የባንካችን በራሪ ወረቀቶችና የዲክሎፌናክ እሽግ። ሁለቱን በፈገግታ አድላለሁ። ሦስተኛውን ግን ባልደረቦቼ ለሻይ ሲወጡ ጠብቄ፣ ብዙ ጊዜም ቁርስ ሳልቀምስ፣ እውጠው ነበር።

32 ዓመቴ ነው። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ በማርኬቲንግ ባለሙያነት ነው። የሥራዬ ግማሽ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። ሌላው ግማሽ መንገድ ነው፤ የገበያ ቀን እየጠበቅን ወደ ቦዲቲ፣ ወደ አረካ፣ ወደ ሁምቦ ጠበላ እየወጣን አዳዲስ ቆጣቢዎችን እናሰባስባለን። ወገቤ መጀመሪያ የያዘኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከወሊድ ፈቃድ በተመለስኩ በሁለተኛው ወር የባነር ማቆሚያ ከመኪና ላይ ሳወርድ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። በሦስት ቀን ይለቀኛል ያልኩት ሕመም ዓመት ሞላው።

እናቴ ስነግራት አልደነገጠችም። እንሰት እየፋቀች፣ ውሃ እየቀዳች አምስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። «የሴት ወገብ መቼ ጤና ኖሮት ያውቃል?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም አመንኳት። ሕመም ካለ ይቻላል፤ ካልተቻለ ኪኒን አለ።

ብቻዬን አልነበርኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰዎች በወገብ ሕመም ይሠቃዩ ነበር፤ ቁጥሩ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ይገመታል። በዓለም ላይ ሰዎችን ከሥራና ከዕለት ተዕለት ኑሮ በማስተጓጎል የሚቀድመው ሕመም የለም። ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ከአሥር ሰዎች በዘጠኙ ላይ ደግሞ «ይህ ነው» ተብሎ በአንድ በሽታ ወይም በአንድ ጉዳት የሚመካኝ ምክንያት አይገኝለትም።

አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ

በመጀመሪያው ወር የማስታገሻ ኪኒን የወሰድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በስድስተኛው ወር ያለ ኪኒን መኪና ውስጥ አልገባም ነበር። የገዛሁበት መድኃኒት ቤት አንድም ቀን ማዘዣ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ማዘዣ ይዤ ሄጄ አላውቅም። ትልቅ የቅስቀሳ ቀን ሲመጣ መርፌ እወጋ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለራሱ ከታዘዘለት ትራማዶል ሁለት ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ወስጄው በስብሰባ መሐል እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ዋልኩ።

ጨጓራዬ ማቃጠል ሲጀምር ኦሜፕራዞል ጨመርኩ። ዲክሎፌናኩ አልበቃ ሲለኝ አይቡፕሮፌን ደረብኩ። ሁለቱ ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች መሆናቸውን አላውቅም ነበር። የባንክ ሠራተኛ ሆኜ፣ ሰው ውል ሳያነብ እንዳይፈርም እየመከርኩ፣ በመድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት አንድም ቀን ዘርግቼ አላነበብኩም።

የጊፋታ ሰሞን ነበር። ቤታችን በእንግዳ ተሞልቷል፤ ሥጋው፣ ሙቹዋው፣ ዳጣው ቀርቧል። ሰገራዬ እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ሳይ የበዓሉ ምግብ ነው ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን የባንኩን ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳ ይዤ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ስደርስ ደሜ በጣም ወርዶ ነበር። በካሜራ ሲታይ ጨጓራዬ ቆስሎ እየደማ ነው። በምርመራ ብዙዎቻችን «የጨጓራ ባክቴሪያ» የምንለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም ተገኘብኝ። ባክቴሪያውና ማስታገሻው አንድ ላይ ሲሆኑ የመድማቱ አደጋ እንደሚጨምር የሰማሁት አልጋ ላይ ተኝቼ ነው። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ኪኒን የሚሠራውና የማይሠራው

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሜ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጦ አስረዳኝ። ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር ስለሆነ ለእናንተም ላካፍል።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመምንና ብግነትን ይቀንሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም አማራጭ ብሎ ያስቀመጣቸውም እነሱን ነው። ነገር ግን በሚረዳው ዝቅተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰዱት። ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። ጨጓራ ያቆስላሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። የልብና የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ሊነካቸው አይገባም። ነፍሰ ጡር ደግሞ በተለይ ከአምስተኛው ወር ወዲህ ልትርቃቸው ይገባል። ጾመኛ አንባቢዎቼም ሐኪማችሁን «የምግብ ሰዓቴ ይህ ነው፤ መቼ ልውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«መርፌ ጨጓራ አይነካም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። መድኃኒቱ የጨጓራን መከላከያ የሚያሳሳው በደም ውስጥ ዞሮ ጭምር ስለሆነ በመርፌም ቢገባ አደጋው አይቀርም።

ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፤ ለወገብ ሕመም ያለው ጥቅም ግን ከምናስበው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ ድንገተኛ የወገብ ሕመም በያዛቸው ከ1,600 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ፓራሲታሞል የወሰዱት መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከወሰዱት ቀድመው አልዳኑም። አዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ከስምንት ፍሬ በላይ ከወሰደ ጉበቱን ይጎዳል፤ አልኮል የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ከዚያም ባነሰ መጠን ሊጎዳ ይችላል።

እንደ ትራማዶል ያሉትን መድኃኒቶች ያው መመሪያ ለዚህ ሕመም እንዳይሰጡ ይመክራል። ያፈዝዛሉ፣ ሱስ ያስይዛሉ፤ ትራማዶል የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊያስከትል ይችላል። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉት ስቴሮይዶችም፣ የወገብ ቀበቶም አይመከሩም። በመመሪያው ውስጥ ያሳቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ከቃሪያ ዘር የሚሠራ የሚቀባ ቅባት ከሚረዱት ተርታ ገብቷል። ዳጣ ጀርባችሁ ላይ ቀቡ ማለቴ ግን አይደለም!

«ዲስክ ነው» ሲባል

ብዙ ሰው በኤም.አር.አይ. «ዲስክህ ወጥቷል» ሲባል ሕይወቱ ያበቃ ይመስለዋል። እኔም ወረቀቱን ይዤ አልቅሻለሁ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስሎች ሰብስቦ ሲያይ፣ በ30 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት በ52 በመቶው ዲስካቸው ማርጀት መጀመሩን፣ በ40 በመቶው ደግሞ ወደ ውጭ መገፋቱን አግኝቷል። ምስሉ ብቻውን ሕመሙን አይናገርም፤ ሐኪሙ እግርን፣ ጅማትንና አካሄድን አይቶ ነው የሚያመዛዝነው። ከተማችን በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ብዙዎቻችን ኦቶና የምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም፣ ለአጥንት ሕክምና ከሩቅ ሰው የሚመጣበት የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም እዚሁ ናቸው።

ማስታወሻ ደብተሬ

የማርኬቲንግ ሰው ነኝና ያለ ቁጥር አላምንም። ለስድስት ሳምንት በየማታው አራት ነገር ጻፍኩ፤ ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደተቀመጥኩ፣ ምን ያህል እንደተራመድኩና ምን እንደዋጥኩ። ውጤቱ አስገረመኝ። ሕመሙ የሚብሰው ከባድ ነገር ባነሳሁ ቀን ሳይሆን ሳልነሳ ሦስት አራት ሰዓት በተቀመጥኩ ማግስት ነው። በጣም የቀለለኝ ደግሞ በተራመድኩባቸው ቀናት ነው።

ይህን የሚደግፍ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአውስትራሊያ በ701 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በባለሙያ እየተመከሩ አዘውትረው በእግራቸው የተጓዙት ሕመሙ ሳይመለስባቸው የቆዩበት ጊዜ አማካይ 208 ቀን ሲሆን ካልተመከሩት 112 ቀን ነበር። በእግር መሄድ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ዳሞታን ፊት ለፊት እያየሁ ጠዋት ከቤት እስከ ቢሮ 25 ደቂቃ እራመዳለሁ። ባጃጁን ለዝናብ ቀን ትቼዋለሁ።

ኪኒንን ጠላቴ አላደረግኩም። ጨጓራዬ ስለደማ እነዲክሎፌናክ ለእኔ ተከልክለዋል፤ ሕመሙ በሚብስባቸው ቀናት ፓራሲታሞል በልኩ እወስዳለሁ፣ በሙቅ ውሃ ጠርሙስም አሞቀዋለሁ። ጨጓራቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን ለጥቂት ቀን ቢወስዱ ነውር የለውም። ማስታገሻ እንደ አጭር ጊዜ ብድር ነው። ተንቀሳቅሰህ ጡንቻህን እንድታጠነክርበት ጊዜ ይገዛልሃል። ብድሩን ቁጭ ብለህ ከበላኸው ግን ወለዱ ይጠብቅሃል።

ለአለቃዬ የነገርኩት ቀን

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። የደረጃ ዕድገት እየጠበቅኩ ነበርና «ታማሚ ናት» መባልን ፈራሁ። ባለቤቴ ግን «ደምተሽ ከምትወድቂባቸው ነግረሻቸው ቢቆጡ ይሻላል» አለኝ።

ከመግባቴ በፊት ሕጉን አነበብኩ። የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ እንዳለው ይደነግጋል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ለአሠሪው ከቀሩበት ማግስት ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው የሰው ሀብት ክፍላቸውን ይጠይቁ።

አለቃዬ ዘንድ የገባሁት ግን ፈቃድ ልጠይቅ አልነበረም። ደብተሬን ይዤ ሦስት ነገር ጠየቅኩ፤ በየ40 ደቂቃው ለሁለት ደቂቃ እንድነሳ፣ ወደ አረካ ስንሄድ መንገድ ላይ አንዴ እንድንቆም፣ ባነርና ጄኔሬተር ከሚያወርዱት መካከል እንዳልሆን። ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይህን ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጀብሽ?» አለኝ። የደረጃ ዕድገቱን በዚያ ዓመት አላገኘሁም። ምክንያቱ ሕመሜ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ሥራዬን ግን ሳላቋርጥ እየሠራሁ ነው።

ቤት ውስጥም ተከፋፈልን። ልጄን ከወለል ጎንበስ ብዬ አላነሳትም፤ ሶፋ ላይ ትወጣና ታቅፈኛለች። ወለል ማጠብና ባልዲ መሸከም የባለቤቴ ሆኗል። መጀመሪያ ጎረቤት ሲስቅበት መጋረጃ ይዘጋ ነበር። አሁን በሩን ከፍቶ ያጥባል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ የሚኬድበት

- ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅት፣ ሽንት አልወጣ ሲል፣ በጭን መሐልና በመቀመጫ አካባቢ ሲደነዝዝ
- እግር እየሰነፈ ሲሄድ
- ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ሲኖር (የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን አለ)
- ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ ሲጀምር፣ ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው ሲያመው
- ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ሰገራው ሲጠቁር ወይም ደም ሲያስታውከው

የእናቴ ቋጠሮ

ባለፈው ዓመት ጽሑፍ ለመጻፍ ሳላስብ እናቴን ልጠይቅ ገጠር ሄድኩ። ስታቅፈኝ የነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ነካኝ። ፈታሁት። ስድስት ፍሬ ዲክሎፌናክ ነበር፤ ከሱቅ በፍሬ የገዛችው። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ሦስቱ አንድ ላይ ኩላሊትን ሊጎዱ እንደሚችሉ ከሐኪሜ ሰምቼ ነበር። ግፊቷ ለምን አልወርድ እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ሲጨነቅ፣ መልሱ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በማግስቱ ሶዶ አምጥቼ አስመረመርኳት። ኩላሊቷ ደህና ነው። ግፊቷም ኪኒኑን ካቆመች በኋላ ቀስ በቀስ ወረደ። ወገቧ ግን ያማታል፤ እንሰት መፋቋንም አልተወችም። አሁን በየእሑዱ ስደውልላት ከሰላምታው ቀጥዬ «አዬ፣ ነጠላሽ ላይ ምን ቋጥረሻል?» እላታለሁ። ትስቃለች። አንዳንድ ጊዜም እውነቱን ትነግረኛለች።