የቶርክ መለኪያዎችን ስለ መለወጥ

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ቶርክ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ቀመሩን በሰሌዳው ላይ ጽፈን፣ ሁለት ምሳሌ ሠርተን እናልፋለን። ተማሪው ግን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጋራዥ ሲገባ የሚያስቸግረው ቀመሩ ሳይሆን መለኪያው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የቶርክ መለኪያዎች አንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚለወጡ እናሳያለን።

ከመተማ ዮሐንስ ተሻግሮ በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ስንዘልቅ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሰፊ የጥቁር አፈር ሜዳ እናገኛለን። በዚህ ሜዳ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሱዳን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሳለች ነው። የአካባቢው ሰው መለኪያ መለወጥን ከገበያ ያውቀዋል። በእኛ በኩል ሰሊጥ በኩንታል ሲመዘን፣ በወዲያ በኩል ቀንጣር ይባላል። ሁለቱ ስሞች ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው። ሆኖም ኩንታል 100 ኪሎ ሲሆን፣ 100 ሮትል የሆነው ቀንጣር ግን 45 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስሙ ስለተቀራረበ መጠኑም አንድ ነው ያለ ነጋዴ ይከስራል። በቶርክም እንደዚሁ ነው።

ቶርክ ማለት ኃይል በክንድ ሲባዛ የሚገኘው የማዞር አቅም ነው። ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ በ200 ኒውተን ብንጫን 100 ኒውተን-ሜትር እናገኛለን። ቁልፉን በቱቦ አንድ ሜትር ብናደርሰው በዚያው ኃይል 200 ይሆናል። ብሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ እንደ ሞላ ሆኖ ሁለቱን አካላት አጣብቆ የሚይዘው ይኸው መለጠጥ ነው። ከልክ በላይ ከተለጠጠ አይመለስም ወይም ይበጠሳል፤ ካነሰ ደግሞ በንዝረት ይላላል።

በአካባቢው ጋራዦች ሦስት መለኪያዎች ያጋጥማሉ። በቆዩ የእንግሊዝ ትራክተሮች መጻሕፍት ፓውንድ-ፉት፣ በቆዩ የጃፓንና የሶቪየት መኪናዎች መጻሕፍት ኪሎግራም-ሜትር፣ በአዲሶቹ ደግሞ ኒውተን-ሜትር ይገኛል። ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ሥርዓት ይህን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ የቶርክ መለኪያው ኒውተን-ሜትር ነው።

የመለወጫ ቁጥሮቹን ተማሪው በቃሉ ከሚሸመድድ ራሱ ቢያወጣቸው ይሻላል። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎግራም ነው። ክብደቱን በኒውተን ለማግኘት በ9.807 እናባዛለን፤ 4.448 ይሆናል። አንድ ፉት 0.3048 ሜትር ስለሆነ፣ 4.448 በ0.3048 ሲባዛ 1.356 ይሰጠናል። እንግዲህ፦

1 ፓውንድ-ፉት = 1.356 ኒውተን-ሜትር
1 ኪሎግራም-ሜትር = 9.807 ኒውተን-ሜትር
1 ኪሎግራም-ሜትር = 7.23 ፓውንድ-ፉት

የመጨረሻው የተገኘው 9.807ን ለ1.356 በማካፈል ነው።

አሁን አንድ ሁኔታ እናስብ። የትራክተሩ መጽሐፍ የኋላ ጎማ ብሎኖች በ100 ይጥበቁ ይላል፤ መለኪያው ፓውንድ-ፉት ነው። መካኒኩ የያዘው ቶርክ ሬንች ግን የሚያነበው በኒውተን-ሜትር ነው። መለኪያውን ሳያይ 100 ላይ ቢያቆም ብሎኑ ያገኘው 74 ፓውንድ-ፉት ያህል ብቻ ነው፤ ሩብ ያህል ጎድሎታል። ትክክለኛው ንባብ 136 ኒውተን-ሜትር ነበር። ነገሩ ተገልብጦ መጽሐፉ በኒውተን-ሜትር፣ ቁልፉ በፓውንድ-ፉት ቢሆን ኖሮ ብሎኑ ከሲሶ በላይ ትርፍ ጫና ይደርስበት ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ትልቅ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል። 12 ኪሎግራም-ሜትርን 12 ኒውተን-ሜትር ብሎ ያጠበቀ ሰው ብሎኑ እንዳልያዘ እጁ ይነግረዋል። የሩብና የሲሶ ስሕተት ግን ለእጅ አይታወቅም። ትራክተሩ ከጋራዥ ደኅና ይወጣል፤ የሚላላው እርሻ መካከል ነው። በዚያ አገር ዝናቡ በሰኔ ገብቶ በመስከረም ስለሚያበቃ፣ በዘር ሰሞን የቆመ ትራክተር የዓመት ምርት ያስቀራል። በጎንደርና በመተማ መንገድ ላይ ሰው የጫነ መኪና ጎማ ቢወልቅ ደግሞ የሚጠፋው ሕይወት ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ሦስት ልማዶች እናስተምር። አንደኛ፣ ቁጥር ያለ መለኪያው አይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከማስላት በፊት መልሱ ከመነሻው ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል ተብሎ ይገመት፤ ኒውተን-ሜትር ከሦስቱ ትንሹ መለኪያ ስለሆነ ወደ እርሱ ስንለውጥ ቁጥሩ ምንጊዜም ያድጋል። ሦስተኛ፣ የተገኘው መልስ ወደ መጀመሪያው መለኪያ ተመልሶ ይረጋገጥ።

ለመልመጃ ያህል፦ 15 ኪሎግራም-ሜትር ስንት ፓውንድ-ፉት ነው? በ9.807 ሲባዛ 147.1 ኒውተን-ሜትር፣ ይህም ለ1.356 ሲካፈል 108.5 ፓውንድ-ፉት ይሆናል። መምህራን በየአካባቢያቸው ካለ ጋራዥ የመኪና መጽሐፍ ተውሰው ሌሎች ጥያቄዎችን ቢያዘጋጁ ትምህርቱ ከሕይወት ጋር ይበልጥ ይገናኛል።