ቀድሞ የእናት ወተት፣ ቀጥሎ ማበልጸጊያው

ያለጊዜው ስለተወለደ ሕፃን ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሳንባው፣ ኦክስጅኑና ማሞቂያው ነው። አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች በተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች መካከል ከ100ው 29ኙ ወር ሳይሞላቸው ሕይወታቸው አልፏል። ቀዳሚው ገዳይ ያልጠነከረ ሳንባ፣ ተከታዩ ኢንፌክሽን ነበር። የመጀመሪያዎቹን የጭንቅ ቀናት ያለፈ ሕፃን ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ምግብ። ምን ይሰጠው? ስንት ይሰጠው? መቼ ይጀመርለት? በዚህ ረገድ በሕክምናው ዓለም ብዙ የሚያነጋግረው የእናት ጡት ወተትን በፕሮቲን፣ በካልሲየምና በሌሎች ንጥረ ነገሮች ማበልጸግ ነው። ማበልጸጊያው ጥቅም አለው። አንጀትን ከአደጋ የሚጠብቀው ግን እሱ አይደለም፤ የሚበለጽገው ወተት ራሱ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ሆስፒታል ገንዘቡን አውጥቶም ሕፃኑን ላያተርፍ ይችላል።

ሕፃን 37 ሳምንት ሳይሞላው ከተወለደ ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 13 ያህሉ እንዲህ እንደሚወለዱ ይገመታል። በ28 ወይም በ30 ሳምንቱ የመጣ ጨቅላ አንጀቱ ገና ሥራውን አልለመደም። ምግብን ወደፊት የሚገፋው እንቅስቃሴ ደካማ ነው፤ ጀርም የሚገድለው የጨጓራ አሲድ ጥቂት ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ገና እንዳልደረቀ የጭቃ ምርጊት በቀላሉ ይላጣል። በዚህ ላይ ጎጂ ባክቴሪያ ሲሰፍርበትና የማይስማማው ምግብ ሲገባበት አንጀቱ ይቆጣል፣ ደም ያጥረዋል፣ ከፊሉም ይሞታል። ሐኪሞች በሽታውን ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ፣ ባጭሩ ኔክ ይሉታል። ደህና ሲመገብ የሰነበተ ሕፃን ድንገት ሆዱ ይነፋል፣ አረንጓዴ ያስመልሰዋል፣ ሰገራው ላይ ደም ይታያል። ምግቡ ይቆማል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል፤ አንጀቱ ከተበሳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች የሚመዝን ሕፃን ሆድ መክፈት በየትኛውም አገር ከባድ ነው። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት አገር ደግሞ መከላከሉ ከማከሙ በብዙ እጅ ይሻላል።

መከላከያው ምን እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 አላን ሉካስና ቲም ኮል የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ 926 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። የፋብሪካ ወተት ብቻ የተሰጣቸው ሕፃናት በኔክ የመያዝ መጠናቸው የጡት ወተት ብቻ ካገኙት ከ6 እስከ 10 እጥፍ ነበር። ሁለቱን ያገኙት እንኳ የፋብሪካውን ብቻ ካገኙት በእጅጉ ይሻሉ ነበር። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ኢሚኖግሎቡሊን ኤ የአንጀቱን ግድግዳ ሸፍኖ ጀርም እንዳይጣበቅበት ያደርጋል። ላክቶፌሪን የሚባለው ፕሮቲን ባክቴሪያው የሚፈልገውን ብረት ይነጥቀዋል። ሕፃኑ ራሱ የማይፈጫቸው ልዩ ልዩ ስኳሮች ደግሞ ለጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ በብዛት የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚወጣው እንገር ነው። እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ የሚደፋበት፣ ሕፃኑ ቅቤ የሚልስበት ወይም ስኳር ውኃ የሚቀምስበት ልማድ በዘጠኝ ወሩ ለተወለደውም ጎጂ ነው፤ በሰባት ወሩ ለመጣው ግን ነፍሱን ሊያሳጣው ይችላል።

«የእናት ጡት ወተት ሙሉ ምግብ ከሆነ ታዲያ ምን ይጨመርበታል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ውኃም ቢሆን አይጨመርለትም። ያለጊዜው የተወለደው ግን በማህፀን ሊቀበል የሚገባውን ሳይቀበል የወጣ ነው። አጥንት የሚሠራው ካልሲየምና ፎስፈረስ አብዛኛው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ብረቱም እንዲሁ። አንድ ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ እንውሰድ። ሙሉ ምግብ ላይ ሲደርስ በቀን 160 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ያገኛል፤ በየሁለት ሰዓቱ ሲከፋፈል 13 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ነርሷ የታለበውን ወተት መግፊያው በወጣለት ስሪንጅ ትጨምራለች፤ ስሪንጁን ከአፍንጫው ቱቦ ጋር አያይዛ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ወተቱም ማንም ሳይገፋው ቀስ እያለ ወደ ሆዱ ይወርዳል። ከቀኑ ወተት ሁሉ የሚያገኘው ፕሮቲን 2 ግራም አይሞላም፤ የሚያስፈልገው ግን ከ3.5 እስከ 4 ግራም ነው። እጥፍ ወተት ይሰጠው ቢባል ሆዱ አይችለውም። ማበልጸጊያው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የወተቱን መጠን ሳያበዛ ፕሮቲኑን፣ ካሎሪውንና ማዕድኑን ከፍ ያደርጋል።

ጥቅሙም ተመዝኗል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው ግምገማ 18 ሙከራዎችንና 1,456 ሕፃናትን አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር፣ የበለጸገ ወተት ያገኙት በክብደት፣ በቁመትና በራስ ዙሪያ መጠን በተወሰነ ደረጃ ፈጥነው ማደጋቸውን አየ። ኔክን በተመለከተ ግን ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ብዙው ማበልጸጊያ ከላም ወተት ስለሚሠራ አንጀቱን ይጎዳል የሚል ስጋት ነበር፤ ስለዚህም ከሰው ወተት የተሠራ እጅግ ውድ ማበልጸጊያ ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካና በኦስትሪያ በ207 ሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር። ይሁንና በዚያ ሙከራ የላም ወተት ማበልጸጊያ የደረሳቸው ሕፃናት የእናታቸው ወተት ሲያጥር የፋብሪካ ወተት ይሰጣቸው ነበር። በኋላ በስዊድን ከ28 ሳምንት በፊት በተወለዱ 228 ሕፃናት ላይ ሲሞከር ሁሉም የእናታቸውን ወይም የለጋሽ እናት ወተት አገኙ፤ በሁለቱ ማበልጸጊያዎች መካከልም በኔክ፣ በኢንፌክሽንና በሞት ልዩነት አልታየም። ሁለቱን ሙከራዎች ጎን ለጎን ላየ ሰው መልእክቱ ግልጽ ነው፤ መሠረቱ የሰው ወተት ከሆነ አንጀቱ ትልቁን ጥበቃ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ማበልጸጊያ ለሁሉም በዘፈቀደ እንዲሰጥ አላለም፤ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱት ወይም ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑት ሊታሰብ እንደሚችል ነው የገለጸው።

የማበልጸጊያም ሆነ የወተት ዱቄት ከጀርም ነፃ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ዛሬ ክሮኖባክተር የሚባለው ባክቴሪያ የገባበት የዱቄት ወተት በአንድ ሆስፒታል ጨቅላ ሕፃን ገድሏል። ተራ የዱቄት ወተት ቢያንስ 70 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ እንዲበጠበጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ማበልጸጊያ ዱቄት ግን በእናት ወተት ላይ ስለሚነሰነስ በእንዲህ ያለ ሙቅ ውኃ ማለፍ አይችልም። ኢንፌክሽን ሁለተኛው ገዳይ በሆነበት ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ያነሳሁት ማበልጸጊያው ይቅር ለማለት አይደለም። ንጹሕ የማዘጋጃ ቦታ፣ ትክክለኛ መለኪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይቅደሙት ለማለት ነው። ቤተሰብ ደግሞ በራሱ ግምት ስኳር፣ ቅቤ፣ የላም ወተት ወይም የዱቄት ወተት በታለበው ወተት ላይ ፈጽሞ መጨመር የለበትም።

«የፋብሪካ ወተት ሕፃኑን ፈጥኖ ያወፍረዋል፤ ለምን እሱ አይሰጠውም?» የሚሉም አሉ። ፈጥኖ ማወፈሩ እውነት ነው። የለጋሽ ወተትንና የፋብሪካ ወተትን ያነጻጸሩ ሙከራዎች በፋብሪካው ወተት ያደጉት ፈጥነው እንደሚከብዱ አሳይተዋል። እነዚያው ሙከራዎች ግን የኔክ አደጋ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋም አሳይተዋል። በሳምንት ጥቂት ግራም ለመጨመር ሲባል አንጀትን ለእንዲህ ያለ አደጋ መዳረግ አትራፊ አይደለም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የእናት ወተት እንዴት ሕፃኑ ዘንድ ይድረስ የሚለው ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ መጥታ የወለደችን፣ ወይም ከእንጦጦ ጫካ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ በመሸጥ የምትተዳደርን እናት እናስብ። እሷ ድና ከአልጋ ትነሳለች፤ ሕፃኑ ግን ሳምንታት ይቆያል። ወተት እንዳይደርቅ ከወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ በቀንና በሌሊት ቢያንስ 8 ጊዜ መታለብ አለበት። ማደሪያ ከሌላት፣ የታክሲ ገንዘብ ካጠራት፣ ቤት ሌሎች ልጆች ከጠበቋት ወተቷ በሳምንት ውስጥ ያንሳል፤ ያኔ የፋብሪካው ወተት ይገባል። ብርዱም አለ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ከሥሩ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የታከሙበት ነው፤ በዚያ ዘመን የደጋ አየር እንደ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። ያው አየር ግን ስብ ላልያዘው ጨቅላ ጠላት ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው የአምስቱ ሆስፒታሎች ጥናት የሰውነት መቀዝቀዝ ለሞት አጋዥ ከሆኑት ዋነኛው ነበር። የሁለቱም መፍትሔ አንድ ነው፤ ሕፃኑን ገላ ለገላ በእናቱ ደረት ላይ ማቆየት። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የቦጋለ ወርቁና የአሳዬ ካሴ የአዲስ አበባ ሙከራ፣ ወዲያው ገላ ለገላ ከተያዙት ትንንሽ ሕፃናት 22.5 ከመቶው ሲሞቱ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 ከመቶው መሞታቸውን አሳይቷል። በደረቷ ላይ ያለ ሕፃን ይሞቃል፤ የእሷም ወተት ይበረታል።

«ራሷ በወጉ ያልበላች እናት ወተቷ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ሌላው ስጋት ነው። በችግር ያለች እናት እንኳ የወተቷ ፕሮቲንና ካሎሪ ያን ያህል አይወርድም፤ ሰውነቷ ከራሷ ቀንሶ ለልጇ ይሰጣል። ስለዚህ አጥሚቱና ገንፎው ለእሷ ጤንነት የግድ ያስፈልጋታል እንጂ ወተቷን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ማበልጸጊያ በሌለበትም የሚደረግ አለ። ከአንድ ጡት ሲታለብ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ወተት ቅባቱ ይበልጣል፤ በናይጄሪያ ይህን ለይቶ መስጠት የትንንሽ ሕፃናትን ክብደት እንደሚያሻሽል ታይቷል። ፕሮቲኑን ግን አይተካም፤ ስለዚህ ማበልጸጊያውን አያስቀርም።

እናቲቱ ከታመመች ወይም ካረፈችስ? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በናይሮቢ ፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል የጡት ወተት ባንክ ከፍታለች። ለጋሿ በኤች አይ ቪና በሌሎች በሽታዎች ትመረመራለች፤ ወተቱም በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ለባህላችን እንግዳ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን የሌላ ሴት ጡት መጥባት የዝምድና ማሰሪያ የሆነበት የጡት ልጅ ሥርዓት በአገራችን የኖረ ነው። አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እህት የሚቆጠሩበትን የሙስሊም ቤተሰቦች ሃይማኖታዊ ጥንቃቄም የለጋሽንና የተቀባይን መዝገብ በአግባቡ በመያዝ ማክበር ይቻላል። የሃይማኖት አባቶች ከመጀመሪያው በምክክሩ መካተት አለባቸው።

የሆስፒታል ኃላፊዎች በጀት ሲይዙ በመጀመሪያ የእናቶችን ማደሪያና ምግብ፣ የማለቢያ ክፍልና የወተት ማቀዝቀዣ፣ የገላ ለገላ እንክብካቤ አልጋዎችን ይቁጠሩ፤ ከዚያ ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑት ማበልጸጊያውን ንጽሕናውና መለኪያው ከተሟላለት አሠራር ጋር ይግዙ። ባሎችና አያቶች ደግሞ አራሷን ለብቻዋ አትተዉ፤ አንዷ ልጆቹን ትያዝላት፣ አንዱ ምግብ ያመላልስላት፣ አባትም ተራውን ሕፃኑን በደረቱ ይያዝ። እንገሩን አታስደፉ። ዱቄቱን ሐኪሙ በግራም ይወስነው፤ ወተቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይድረስለት።