በደብረ ታቦር ደጋ የገበሬው ዓመትና የገለባው ክምር

በደቡብ ጎንደር፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ባለው አገር፣ ገበሬው «አራሽ» ቢባልም ኑሮው በእህል ብቻ የቆመ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ከጥቂት ጥማድ መሬቱ ጋራ በሬ፣ ላም፣ በግና አህያ ይይዛል። ስለዚህ የዓመቱን ሥራ ለመረዳት የሚሻ ሰው እርሻና ከብት አንዱ ለሌላው የሚሰጠውን፣ አንዱም ከሌላው የሚሻማውን መመልከት ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ፣ የሚመጣው ዓመት አዝመራ የሚወሰነው ዘር በሚዘራበት ቀን ብቻ ሳይሆን ገለባ በሚከመርበትም ቀን ነው የሚል ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ጤፍ ይበቅላሉ፤ ወደ ጉና ሲወጡ ግን ጤፉ ይቀርና ገብስና ድንች ይበረክታሉ። መሬቱ ከክረምቱ አስቀድሞ ይገመሳል፤ ቀጥሎም ይደገማል፣ ይሰለሳል። ጤፍ አፈሩ እስኪልም ድረስ ከሌላው ሰብል ይልቅ ብዙ ጊዜ መታረስ ይፈልጋል። ገብስ በግንቦትና በሰኔ፣ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል። የጎተራው እህል በሚመነምንበት በነሐሴ ቀድሞ የሚደርሰው ድንች ለቤተሰቡ መሸጋገሪያ ይሆናል።

በክረምት ማሳው ሁሉ በቡቃያ ስለሚያዝ ከብቱ ወደ ወል ግጦሽና ወደ ማሳ ዳር ይገፋል። እረኛው ለአፍታ ቢዘነጋ የጎረቤት አዝመራ ይጠፋል፤ ጠብም ይነሣል። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ቡሄ፣ እረኞች ጅራፍ የሚያጮኹበትና ሙልሙል የሚቀበሉበት በዓል፣ ይህን የልጆች ከባድ ኀላፊነት ማኅበረሰቡ የሚያከብርበት ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጨዳው ይፈጸማል። ነዶው አውድማ ላይ በበሬ ይበራያል፤ እህሉ ወደ ጎተራ ሲገባ ጭድና ገለባው ተከምሮ በእሾህ ይታጠራል። የታጨደው ማሳ ለከብት ይለቀቃል፤ ነገር ግን ቃርሚያው ብዙ ሳይቆይ ያልቃል። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ሣሩ ፈጽሞ በደረቀበት በመጋቢትና በሚያዝያ በሬው የዓመቱን ከባድ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ክምሩ እየተቈጠበ አስቀድሞ ለአራሹ በሬና ለምታጠባው ላም ይሰጣል።

ከዚህም በላይ እሑድና የወሩ በዓላት እርሻን ስለሚከለክሉ በሬው የሚጠመድባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከመሰሉ ጋራ መቀናጆ ይገባል። በሬ የሌለው ደግሞ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ወይ በጉልበቱ ሠርቶ የሰው በሬ ይዋሳል። ተዋሹም ባለበሬው የራሱን ማሳ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የዘራውም ሰብል ዝናሙ ቀድሞ ቢያቆም ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል።

የዚህን ትስስር ብርታት ታሪክ አሳይቷል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የደስታ በሽታ ከብቱን በፈጀው ጊዜ መሬቱ ሳይታረስ ቀረ፤ ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡ በዶማ እንዲቆፍር ራሳቸው ቆፍረው አርአያ ሆኑ። በሽታው ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በሌላ በኩል የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትንና ጉልትን ሽሮ መሬትን የሕዝብ ሀብት ቢያደርግም፣ መሬት ያገኘ ሁሉ በሬ አላገኘም፤ በሬም ያገኘ ሁሉ መኖ አላገኘም።

እንግዲህ ስለዚህ ደጋ የሚያጠና ተማሪ «ስንት ኩንታል አገባችሁ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ገለባው እስከ መቼ ያደርሳችኋል?» ማለትን መዘንጋት የለበትም። አገዳው አጭር የሆነ ምርጥ ዘር ሲቀርብለት የሚያመነታ ገበሬም፣ ቸኩሎ ኋላ ቀር ሊባል አይገባውም፤ እርሱ የሚመዝነው የዘንድሮን እህል ከከርሞው በሬ ጋራ ነውና።