ጓንቱ ኳሷን ምን ያደርጋታል?

እናንተ ልጆች፣ ስለ ፔይንትቦል ጓንት አንድ ነገር ገብቶኛልና ቁጭ በሉልኝ። ሱቅ ስትገቡ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንዱ ጀርባው ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ነው፣ ሌላው ስፖንጅ ብቻ ያለው ለስላሳ። ሁለቱም እጅን ያድናሉ። ቀለም የያዘችው ኳስ ተተኩሳ ስትመጣ ግን አንደኛው ያፈርጣታል፣ ሌላኛው አንጥሮ ይመልሳታል! ከጨዋታ መውጣትና አለመውጣት እዚህች ላይ ሊወሰን ይችላል። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ላስረዳችሁ፤ ፊዚክስ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይገባዋል።

መጀመሪያ ኳሷን እንወቃት። ከዳር እስከ ዳር 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ክብደቷ 3 ግራም አካባቢ። ቅርፊቷ ጄላቲን ነው፤ የዓሣ ዘይት የሚሞላበት ያ ለስላሳ የፋርማሲ እንክብል የሚሠራበት ያው ጄላቲን፣ የአሠራሩም ዘዴ ያው። ውስጧ ያለው የግድግዳ ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል፣ በውሃ የሚታጠብ ሙልጭልጭ ፈሳሽ ከማቅለሚያ ጋር ተደባልቆ ነው። ደግሞ ለጨዋታ ተብላ የተሠራች አልነበረችም! የደን ሠራተኞች የሚቆረጠውን ዛፍ፣ ከብት አርቢዎች ደግሞ ከብታቸውን ከሩቅ ምልክት እንዲያደርጉባት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1981 አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ 12 ሰዎች ይህንኑ የዛፍ ምልክት ማድረጊያ ይዘው ጫካ ገቡና የመጀመሪያው ጨዋታ ተጀመረ። ያሸነፈው ሰው ደግሞ አንድም ጊዜ አልተኮሰም፤ ሳይታይ ተሹለክልኮ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ይሄን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለኛ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የምትያዘው አንዲት ነገር ናት፤ ኳሷ የተሠራችው እንድትፈርጥ ነው።

ፍጥነቷስ? ሜዳዎች በአብዛኛው ከ300 ጫማ በሴኮንድ በላይ አይፈቅዱም፣ ብዙዎቹም ከዚያ ዝቅ ያደርጉታል። ወደ ኪሎ ሜትር ስለውጠው በሰዓት 329 ሆነ። ወይ ጉድ! እርግጥ አየሩን እየሰነጠቀች ስትሄድ ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ ቢሆንም በባዶ እጅ የሚቀበሏት አይደለችም።

አሁን እጃችሁን ተመልከቱ። ከዛፍ ጀርባ ብቅ ስትሉ ለተቃራኒው ቡድን የሚታየው ምንድን ነው? ማስኩ፣ ማርከሩ (ኳሷን የሚተኩሰው መሣሪያ)፣ ከዚያ ማርከሩን የያዙት ሁለት እጆች። ሌላው ሰውነታችን ተደብቋል። ማስኩ ፊትን ይጠብቃል፤ እሱ ሜዳ ውስጥ እያለን ለአንዲት ደቂቃም አይወልቅም፣ ክርክር የለውም። እጅ ግን ሁልጊዜ ከፊት ነው። በብዙ ሜዳ ሕግ ደግሞ እጅ የተመታ ሰው ልክ ደረቱን እንደተመታው ሁሉ ይወጣል።

እስቲ ጭብጥ አድርጉና በሌላው እጃችሁ የጣቶቻችሁን አንጓ ዳስሱት። ቆዳ፣ ከዚያ ወዲያው አጥንት። በመሃል ምንም የለም! አሁን ደግሞ በመዳፋችሁ በኩል የአውራ ጣትን ሥር ተጫኑት፤ ሥጋው ድልብ ነው። ጓንት የሚሠሩ ሰዎች ስፖንጁንና ፕላስቲኩን ጀርባው ላይ የሚከምሩት፣ መዳፉን ግን ስስ አድርገው የሚተዉት ለዚህ ነው።

አሁን እርሳስ፣ ሳንቲምና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አምጡ፤ ወጥ ቤት ድረስ መሄድ ያሰለቻል እንዳትሉ፣ ያዋጣል። እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና በእርሳሱ ጀርባ የእጃችሁን ጀርባ መታ አድርጉ። ይሰማል። አሁን ሳንቲሙን እዚያው ላይ አስቀምጡና በዚያው ኃይል ሳንቲሙን ምቱት። አያችሁ? ምቱ ያው ነው፣ ሕመሙ ግን ቀነሰ። አንዲት ነጥብ ላይ ሊያርፍ የነበረው ኃይል ሳንቲሙ በሸፈነው ቦታ ሁሉ ተከፋፈለ። ጠንካራው ፕላስቲክ የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው፤ ማካፈል።

ቀጥሎ ሳንቲሙን አንሱና ስፖንጁን አድርጉ። ምቱት። ይሄም አያምም፤ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው! ልጆች ሆነን ከአጥር ላይ ጭድ ክምር ውስጥ ስንዘል ትዝ ይላችኋል? ከዚያው ከፍታ ድንጋይ ላይ ብንዘል እግራችን ይሰበር ነበር። ጭዱ ምን አደረገልን? የምንቆምበትን ጊዜ አረዘመልን። ድንጋዩ በአንድ ቅጽበት ቀጥ ያደርጋል፤ ጭዱ ግን እየሰመጥን፣ እየሰመጥን፣ ቀስ ብለን እንድንቆም ያደርጋል። ስፖንጁ ለኳሷ የሚያደርግላት ልክ ይሄንን ነው። ፕላስቲኩ ምቱን በቦታ ያካፍላል፣ ስፖንጁ በጊዜ ያካፍላል። እንዴት ያምራል!

እዚህ ላይ ነው እኔን ብድግ ያደረገኝ ነገር የመጣው። ኳሷ እጄን ስትመታ እጄም ኳሷን ይመታታል፤ በዚያችው ቅጽበት፣ በእኩል ኃይል። ይሄ የኒውተን ሕግ ነው፣ ትምህርት ቤት ሁላችንም ሸምድደነዋል። ስለዚህ ስፖንጁ ለእጄ ምቱን ሲያለሰልስ ለኳሷም እያለሰለሰላት ነው! ቀስ ብላ ስለቆመች ቅርፊቷ አልተጨነቀም፤ ስለዚህ አልፈረጠችም፤ ነጥራ መሬት ወደቀች። ፕላስቲኩ ላይ ስታርፍ ግን ለኳሷ የሚራራላት የለም፤ ድንገት ቀጥ ትላለች፣ ትጠፈጠፋለች፣ ትፈርጣለች። እጄ የዳነው ፕላስቲኩ በስፋት ስላካፈለለት ነው። ለኳሷ ግን ማን አካፈለላት?

የሜዳውን ሕግ አሁን አስታውሱ። ብዙ ሜዳዎች ላይ ነጥራ የተመለሰች ኳስ አትቆጠርም፤ ፈርጣ ቀለሟን የተወች ብቻ ናት የምታስወጣው። ስለዚህ ያችው አንድ ኳስ ጠንካራውን ጓንት ያደረገውን ልታስወጣው፣ ለስላሳውን ያደረገውን ልታልፈው ትችላለች። ሁልጊዜ ማለቴ አይደለም። ብርድ ሲሆን ጄላቲኑ ተሰባሪ ስለሚሆን ስፖንጅ ላይም ትፈርጣለች፤ በቅርብ የተተኮሰች እንደሆነም እንዲሁ። የውድድር ሕጎችም ከመጠን ያለፈ ስፖንጅ አይፈቅዱም። ግን አቅጣጫው ገባችሁ አይደል?

የኔ ምርጫ ከጀርባው ሰፊ ስፖንጅ ያለው፣ የጣት አንጓዎቹ ላይ ብቻ ስስ ጎማ የተደረበበት ጓንት ነው። ለጨዋታውም ለአጥንቱም የሚሆን እሱ ነው እላለሁ። ከኛ መሃል በእጁ የሚተዳደር፣ ክራር የሚመታም ሆነ ፀጉር የሚሠራ፣ ሙሉ ፕላስቲኩን ቢመርጥ አልከራከረውም፤ ብቻ ከፕላስቲኩ ሥር ስፖንጅ መኖሩን በጣቱ ተጭኖ ያረጋግጥ። ባዶ ፕላስቲክ በቀጥታ አጥንት ላይ ካረፈ ጠርዙ ራሱ ይቆረቁራል። ለሞተር ሳይክል ነጂዎች በሚሸጡ አንዳንድ ጓንቶች ውስጥ ደግሞ ዲ3ኦ የሚባል ነገር አለ፤ ቀስ ብለው ሲያጥፉት ልስልስ ይላል፣ ድንገት ሲመቱት በዚያችው ቅጽበት ይጠነክራል! ዋጋው ግን ወደድ ይላል፤ ለኛ ጨዋታ የግድ አይደለም።

ወደ ጣቶች እንምጣ፤ እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። የእጅ ጀርባ መሸፈን ይፈልጋል፣ ቃታ የሚስበው ጣት ግን መሰማት ይፈልጋል። የዘመኑ የኤሌክትሪክ ማርከር ቃታው በጣም ቀላል ነው፣ ነካ ሲያደርጉት ይተኩሳል። ጓንቱ እዚያ ላይ ወፍራም ከሆነ ጣታችሁ ቃታውን ይንካ አይንካ አታውቁም፤ የቃታው መከለያ ውስጥም አይገባም። ብዙ ተጫዋቾች የሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ጫፍ የተቆረጠ ጓንት የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሁሉም ጣት ክፍት የሆነውን ግን አልወደውም። ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ቃታ አይስቡም፣ ታዲያ ለምን ይጋለጡ? ሙሉ ጓንት ገዝታችሁ ሁለቱን ጫፍ ራሳችሁ ብትቆርጡም ይሆናል፤ ቆርጣችሁ ብቻ እንዳትተዉት፣ ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉት፣ አለዚያ ክሩ እየተተረተረ እስከ መዳፍ ይወርዳል። ቃታ የማይስበው እጅ ሙሉ ጓንት ቢሆን ይሻላል፤ እሱ ማርከሩን ከፊት የያዘው፣ ቀድሞም የሚመታው ነው።

የጓንቱን ጥንካሬ የሚፈትነው ደግሞ ኳሷ አይደለችም፣ መሬቱ ነው! መንበርከክ፣ መዳህ፣ ጠጠር ላይ መዳፍን መትከል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ጓንቱን ገልብጡና ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛው የመዳፉ ተረከዝ ነው፤ ድርብ መሆን አለበት። ሁለተኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሸለቆ፤ ማርከሩ ቀኑን ሙሉ የሚፋጨው እዚያ ነው። ሦስተኛው የጣቶቹ ጫፍ ስፌት፤ አንድ መስመር ክር ብቻ ከሆነ ተዉት። ስፌቱ ጫፉ ላይ ጎልቶ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጥፍር ሥር እየወጋ ጨዋታውን ያስጠላችኋል።

መዳፉ ቆዳ ይሁን ወይስ ሰው ሠራሽ? እዚህ ላይ አንድ የምኮራበትን ነገር ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስም ያለው ነው! የኛ በግ የሚያበቅለው ፀጉር እንጂ ወፍራም ሱፍ አይደለም። የባለ ሱፍ በግ ቆዳ ውስጡ ስብ ይበዛዋል፣ ላላም ይላል፤ የኛው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ስስ ተደርጎ ቢፋቅም አይቀደድም፣ ጣትም በደንብ ይሰማበታል። ለጎልፍ ጓንት የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ለኛ ጨዋታ ግን፣ ልቤ ወደ በጉ ቢያደላም፣ ሰው ሠራሹን ቆዳ እመክራለሁ። ምክንያቱ ውሃ ነው፤ ቀለም የጠጣ ጓንት በየጊዜው መታጠብ አለበት፣ ቆዳ ደግሞ ታጥቦ ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ ይኮማተራል።

ላብም አለ። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ የሐምሌን ወበቅ ታውቁታላችሁ። በጣቶቹ መካከል ወንፊት የመሰለ ስስ ጨርቅ ያለበትን ምረጡ። ምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጄላቲን እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ይጣበቃል። በላብ በራሰ ጓንት ኳስ ብትጭኑ ያበጠችዋ ኳስ በርሜሉ ውስጥ ልትፈርጥ ትችላለች! የማርከር መጨናነቅ ከእጅ ላብ ሊጀምር እንደሚችል ማን ያስባል?

ከጨዋታ በኋላ ቀለሙ ሳይደርቅ ጓንቱን በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና በእጅ እሹት፤ ያ ሙልጭልጭ ፈሳሽ ከቀረበት መዳፉ ማርከሩን አይዝም። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይግባ፤ ሙቀቱ ስፖንጁን የያዘውን ማስቲሽ ያላቅቃል። ጥላ ሥር ሰቅላችሁ ተዉት።

ልኩን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። አውራ ጣትን ትታችሁ አራቱ ጣቶች ከመዳፍ የሚነሱበትን ቦታ ዙሪያውን ለኩ፤ 8 ኢንች ገደማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሚዲየም ነው፣ 9 ከሆነ ላርጅ። ከዚያ ጓንቱን አድርጋችሁ ጭብጥ አድርጉ። ጀርባው ከወጠረ ያንሳል፤ መዳፉ ላይ ጨርቅ ከተጨማደደ ይሰፋል፣ ይልጣችኋልም። ሁለት ልክ መሃል ከሆናችሁ ትንሹን ውሰዱ፣ እየተለበሰ ይላላል። ሜትር ያላችሁ ዛሬ ማታ ለኩና ቁጥሩን ላኩልኝ፤ የቃታ እጃችሁ ቀኝ ይሁን ግራ አብራችሁ ጻፉ፣ የትኞቹን ጫፎች እንደምንቆርጥ እንድናውቅ።