መምህራኑን የጣለ ፈተና

የኮሌጅ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ዲፕሎማውን ተቀብሎ ወደ ሥራ የሚገባ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት የሚተዋወቀው አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው ከፍ ያለ ወንበር የለውም፤ በግድግዳ ላይ የሰቀለው የምስክር ወረቀትም የለም። ይሁን እንጂ የጠፋው መዝገብ የት እንደ ተቀመጠ፣ ባለጉዳዩ ለምን እንደ ተቆጣ፣ ደብዳቤው በማን በኩል ቢሄድ ቶሎ እንደሚደርስ የሚያውቀው እሱ ነው። አዲሱ ሹም በሰው ፊት ያዘዋል፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀዋል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህን ሰው የማያውቅ ይኖራል ብለን አንገምትም። ምናልባት አፍሮ ሳይጠይቀው የቀረ ይኖር ይሆናል እንጂ።

ዛሬ የምናነሣቸው ሰዎች የዚሁ ሰው ወንድሞች ናቸው። ልዩነቱ እነሱ የሚያውቁት የመዝገብን ነገር ሳይሆን የሰውን እስትንፋስ መሆኑ ነው። ፓራሜዲክ ይባላሉ። ፓራሜዲክ ሐኪም አይደለም፤ የአምቡላንስ ሾፌር ብቻም አይደለም። አደጋው በደረሰበት ስፍራ፣ በመንገድ ዳርም ይሁን በመኝታ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ የቆመውን ትንፋሽ ለመመለስ የሚታገል፣ የሚፈሰውን ደም የሚገታ፣ በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥ፣ ሕመምተኛው ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ነፍሱን ይዞ የሚያቆይ ባለሙያ ነው። የሰው አእምሮ ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ በሆስፒታል ተቀምጦ የሚጠብቅ ሐኪም ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን ሊቅነቱ ለዚያ ሰው በጊዜ አይደርስለትም።

ታዲያ ይህን ሙያ ሰው እንዴት ይማረዋል? ከፊሉን በክፍል ውስጥ ከመጽሐፍና ከመምህር፣ ከፊሉን በላስቲክ አሻንጉሊት ላይ፣ ከፊሉንም በሆስፒታል ነው። የቀረውን ግን የሚማረው ከነባሮቹ ጋር በአምቡላንስ ተሳፍሮ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ይመለከታል፤ ቀጥሎ ዕቃ ያቀብላል፤ በመጨረሻ እሱ ይሠራል፣ ነባሩ ይመለከታል። ከሦስቱ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለመምህሩም ጭምር። ራሱ በግማሽ ደቂቃ የሚፈጽመውን ሥራ ተማሪው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲሞክረው ዝም ብሎ መቆም፣ ነገር ግን ሕመምተኛው የሚጎዳበት ቅጽበት ከመድረሱ በፊት እጅን መስደድ፤ ይህ ትዕግሥት ከሠላሳ ተማሪ ፊት ቆሞ በጠመኔ ከመጻፍ እጅግ የራቀ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ራሱን የሳተና መተንፈስ ያቃተው ሰው ሲገኝ ቱቦ በአፉ አሳልፈው ወደ መተንፈሻ ቧንቧው ያስገቡለታል። ባለሙያው ላሪንጎስኮፕ በሚባለው ብርሃን ባለው መሣሪያ ምላስን አንሥቶ የድምፅ አውታሮቹን ማየት፣ ቱቦውንም በመካከላቸው ማሳለፍ አለበት። ከኋላቸው ደግሞ የምግብ ቧንቧ አለ። ቱቦው ተሳስቶ ወደዚያ ከገባ አየሩ ወደ ሳንባ መሄዱ ቀርቶ ሆድን ይነፋል፤ በጊዜ ካልታወቀም ሰውየው ይሞታል። ይህን ማንኛውም ተማሪ ከመጽሐፍ አንብቦ በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሮ ሊጽፈው ይችላል። ሌሊት፣ በዝናብ፣ ዘመድ እያለቀሰ፣ አፉ በደምና በትውኪያ የተሞላውን ሰው ሲያገኝ ግን ወረቀቱ አይረዳውም። ያን ጊዜ የሚረዳው ከአጠገቡ ሆኖ «ቆይ፣ መጀመሪያ አፉን አጽዳ፤ ካስገባህ በኋላ በሁለቱም ሳንባና በሆዱ ላይ አዳምጥ» የሚለው ድምፅ ነው። ብዙ ነባሮች ተማሪን ከሚያስተምሩት አንዱ ወደ ሕመምተኛ ሲሄዱ አለመሮጥ ነው። የሚሮጥ ሰው የተሰበረውን ሽቦ አያይም፤ ትንፋሹ ተቆራርጦ ሲደርስም ቤተሰቡን ያስደነግጣል። መሮጥ የሚገባው መኪናው ነው ይላሉ። እኛ በዚህ ሳቅን፤ ኋላ ግን ስናስበው እውነት ሆኖ አገኘነው።

ይህ ትምህርት ከምን እንደ ተነሣ ለማወቅ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ብረት ፋብሪካዎቹ ከተማ ወደ ፒትስበርግ መሄድ አለብን። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1966 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው አንድ ዘገባ በቀደመው ዓመት በዚያች አገር 107,000 ሰዎች በአደጋ እንደ ሞቱ ገለጸ። ከአምቡላንስ አገልግሎቱም ግማሽ ያህሉ በቀብር አስፈጻሚዎች እጅ እንደ ነበረ አመለከተ። ነገሩ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ሰው ተጋድሞ ሊሄድበት የሚችል ረጅም መኪና የነበራቸው እነሱ ነበሩና። በፒትስበርግ ደግሞ ሕመምተኛን የሚያነሣው ፖሊስ ነበር። እስረኛ በሚጫንበት መኪና ከኋላ አጋድመውት ሁለቱም ፖሊሶች ከፊት ተቀምጠው ይነዳሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የቀድሞው የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ፣ ከዚያም በፊት የፒትስበርግ ከንቲባ የነበሩት ዴቪድ ሎውረንስ በምርጫ ስብሰባ ላይ ወድቀው የተወሰዱት በዚሁ የፖሊስ መኪና ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፉ። ሹም የሆነ ሰው እንዲህ ከሆነ የድኻው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

በሆስፒታል የተቀበሏቸው ዶክተር ፒተር ሳፋር የሚባሉ በቪየና የተወለዱ የሰመመን ሐኪም ነበሩ። ዶክተር ሳፋር ቀደም ብለው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በባልቲሞር ባደረጉት ጥናት፣ ሐኪም ያልሆነ ተራ ሰው የወደቀውን ሰው ራስ ወደ ኋላ አቅንቶ ከአፍ ወደ አፍ በመተንፈስ ሕይወቱን ሊያቆይ እንደሚችል አሳይተው ነበር። በዚያው በ1966 ሴት ልጃቸው በአስም ሞተችባቸው። ከዚህ በኋላ ነገሩ ለእሳቸው የሳይንስ ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

የሰመመን ባለሙያ መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለንም። ሰውን አስተኝቶ ትንፋሹን በእጁ ይዞ የሚጠብቅ ሰው፣ አየር ለጥቂት ደቂቃ ሲቋረጥ የሚሆነውን ከማንም በላይ ያውቃል። በእኛም አገር ቢሆን በ2008 በአዲስ አበባ ጠብታ አምቡላንስን የመሠረቱት አቶ ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሠሩ የሰመመን ነርስ ናቸው። ሕመምተኞች ዘግይተው ሲደርሱ ማየት ቢያንገበግባቸው ቤታቸውን ሸጠው አምቡላንስ ገዙ፤ ኋላም ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። መኪናው በገንዘብ ይገዛል፤ በውስጡ የሚቀመጠው ሰው ግን ካልተማረ ያው ታክሲ ነው።

ወደ ፒትስበርግ እንመለስ። ዶክተር ሳፋር የሚያስተምሯቸውን ሰዎች ያገኙት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። በከተማው ሂል ዲስትሪክት በሚባለው የድኾች ሰፈር ለጥቁር አሜሪካውያን ሥራ የሚፈጥር ፍሪደም ሃውስ (የነጻነት ቤት) የሚባል ድርጅት ነበር። ድርጅቱ አትክልት በመኪና እያዞረ ለሰፈሩ ያደርስ ነበር። ፊሊፕ ሃለን የሚባሉ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ኀላፊ ሁለቱን አገናኟቸው። ከ1967 ጀምሮ ከሰፈሩ ሥራ አጦች ተመረጡ፤ ከእነሱ መካከል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልፈጸሙ፣ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ፣ ሥራ አይገኝላቸውም ተብለው የተተዉ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወደ 300 ሰዓት የሚሆን ትምህርት ተማሩ። በዚያ ዘመን ብዙ የአምቡላንስ ሠራተኞች የነበራቸው የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ብቻ ነበር። በ1968 ሥራ ጀመሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ5,000 በላይ ለሆኑ ጥሪዎች ደረሱ። ብዙም ሳይቆይ አስገራሚ ነገር ታየ፤ በዚያች ከተማ በድንገት የታመመ ድኻ በሠለጠነ ሰው ሲነሣ፣ በሌላው ሰፈር ያለው ባለጸጋ ግን በፖሊስ መኪና መጫኑ ቀጠለ።

በ1974 የ30 ዓመት ወጣት የነበሩት ዶክተር ናንሲ ካሮላይን የአገልግሎቱ የሕክምና ኀላፊ ሆኑ። እኚህ ሴት ቢሮ ተቀምጠው የሚያዝዙ አልነበሩም። ከሠራተኞቹ ጋር በአምቡላንስ እየተሳፈሩ በሰፈሩ ይዞሩ፣ በሬዲዮም ይመክሯቸው ነበር። የቱቦ አገባቡን፣ የልብ ምት ሥዕል ንባቡን፣ የመድኃኒቱን መጠን አስተማሯቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ትምህርቱ በሁለቱም በኩል የሚሄድ መሆኑ ነው። ዶክተሯ ሕክምናውን ያውቃሉ፤ ሰዎቹ መንገዱን ያውቃሉ። ሰክሮ የሚሳደበውን ሰው ማረጋጋት፣ ቃሬዛን በጠባብ ደረጃ ማውረድ፣ ማን በእውነት እንደ ታመመ ከበሩ ላይ ሆኖ መለየት ከእነሱ የሚገኝ ዕውቀት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ለመላው አገር የሚሆን የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት እንዲያዘጋጁ ለዶክተር ካሮላይን ሥራውን በሰጣቸው ጊዜ ትምህርቱ የተሞከረው በእነዚሁ በፍሪደም ሃውስ ሰዎች ላይ ነው። ኋላ የጻፉት «በጎዳና ላይ የሚሰጥ የአስቸኳይ ርዳታ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ እየታደሰ ሲታተም ኖሯል፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ተጠርቶ ፓራሜዲኮች ይማሩበታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው ለወጣት ሹማምንት አንባቢዎቻችን በተለይ ለመንገር የፈለግነው። በ1975 የከተማው ከንቲባ ፒት ፍላኸርቲ አስተዳደር የራሱን አገልግሎት አቋቋመ፤ ፍሪደም ሃውስም በጥቅምት ወር ተዘጋ። ዶክተር ካሮላይን ሠራተኞቹ በአዲሱ መሥሪያ ቤት እንዲቀጠሩ ተከራከሩ፤ ተቀጠሩም። ነገር ግን በዚያ የነበሩት እንደ ተናገሩት፣ አብረው ሲሠሩ የኖሩት ጓደኛሞች ተለያዩ። ልምድ የሌላቸው አዲስ ነጭ ሠራተኞች በላያቸው ተሾሙ። ለዓመታት ሕይወት ሲያድኑ የነበሩት ሰዎች ዕቃ ተሸካሚ እንዲሆኑ ተደረገ። ፈተናም መጣ፤ ባልተማሩት ነገር የተጠየቁ ነበሩ። የወደቀው ተሰናበተ፤ የቀረውም ብዙው በውርደቱ ተሰላችቶ ወጣ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። በፒትስበርግ የሆነው ግን መማሩን የተማሩት ሰዎች ሻሹን ስለ ተከለከሉ አልተማሩም መባላቸው ነው።

እኛ ፈተናን የምንጠላ አይደለንም። ራሳችንም በፈተና በኩል አልፈን ነው ይህን ብዕር የያዝነው። መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ ሰው ያለ ፈተና ይለፍ የሚል ሰው ቢኖር ከእሱ አምቡላንስ ወርደን በእግራችን እንሄዳለን። ነገር ግን ፈተና ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሰውየውን ዕውቀት ለማየት የሚዘጋጅ ነው፣ ሁለተኛው ሰውየውን ለማስወጣት የሚዘጋጅ ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ ጥያቄው ሊመሳሰል ይችላል። የሚለየው ያዘጋጀው ሹም ነው፤ ከአንባቢዎቻችንም ብዙዎቹ ነገ እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። በዚያች ከተማ ከእነዚያ ሰዎች ጋር የወጣው ደመወዛቸው ብቻ አልነበረም። አዲስ ተማሪ አጠገባቸው ተቀምጦ ሊወስደው ይችል የነበረው ልምድ ሁሉ አብሮ ወጣ።

ሁሉም ግን አልወጡም። ሚስተር ጆን ሙን የሆስፒታል አስታማሚ ሆነው ሲሠሩ ሳለ ሁለት የፍሪደም ሃውስ ሰዎች በሽተኛ ለመውሰድ ሲገቡ፣ አኳኋናቸውን አይተው ሥራውን የተመኙ ሰው ናቸው። ጓደኞቻቸው ሲሰናበቱ እሳቸው ጸኑ፤ ቀስ በቀስም በከተማው የአምቡላንስ አገልግሎት እስከ ምክትል አለቅነት ደረሱ። ጥቁር ወጣቶች ዳግመኛ በበሩ የሚገቡበትን የቅጥርና የሥልጠና መንገድ አበጁ፤ በ2009 ጡረታ ወጡ። በ2020 ደግሞ በዚያው በፒትስበርግ ከድኻ ሰፈሮች የሚመጡ ሰዎችን ለአምቡላንስ ሥራ የሚያሠለጥን ትምህርት በፍሪደም ሃውስ ስም ተከፈተ።

ሚስተር ሙን ወደ ሥራው ካመጧቸው ወጣቶች አንዷ አሜራ ጊልክሪስት ይባላሉ። ከተራ ሠራተኛነት ተነሥተው ከሃያ ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ በ2023 የፒትስበርግ የአስቸኳይ ሕክምና አገልግሎት አለቃ ሆነው ተሾሙ። በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው።